በአሶሳ የክረምት አዘቦት ቀን ምን ይሠራል? መጠለልን የሚመለከት ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በክረምት፣ ያውም በአዘቦት ቀን፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ለለንደንና ለፓሪስ መልሱ ከተገኘ ቆይቷል፤ ቤተ መዘክር ይገባል፣ ቲያትር ይታያል። የአሶሳ ጉዳይ ግን እስካሁን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል።

አሶሳ ትልቅ ከተማ ነች ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ24 ሺህ እምብዛም አይዘልም ነበር። ሆኖም የከተማ ትልቅነት የሚለካው በማኅተም ነው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ በመሆኗ ከካማሺም ከመተከልም ባለጉዳይ ይመጣባታል። ሰው ለአንድ ፊርማ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣባት ከተማ ትንሽ ልትባል አትችልም።

የጥናቱ ወሰን

በባሕረ ሐሳብ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የአሶሳ ሰማይ በዚህ አይገዛም፤ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይጀምርና ጥቅምትን ሳይነካ አይለቅም። ጥናቱም ከመጽሐፉ ይልቅ ሰማዩን ተከትሏል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ አገር ብለው ለዓለም አስተዋውቀዋል። ከ13ቱ ወር ለአሶሳ የደረሳት ድርሻ ስንት እንደሆነ ለወደፊት ተመራማሪዎች ተትቷል።

የጥናቱ ዘዴ

በመጀመሪያ የጽሑፍ መጠይቅ ተበትኖ ነበር። መጠይቁ ረጠበ። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ በምልከታ ላይ ብቻ ተመሥርቷል፤ ምልከታውም የተካሄደው ተጠልሎ ነው።

ግኝቶች

ዋናው ግኝት፣ በአሶሳ የክረምት አዘቦት ቀን የሚሠራው ሥራ መጠለል መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ በሁለት መጠለል መካከል የሚከናወን ነው።

መጠለያ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የማንጎ ዛፍ ነው። ከተማዋ በማንጎዋ ትታወቃለች፤ ዝናቡ ሲጠና ግን ፍሬው እያለቀ ዛፉ ለመጠለያነት ይቀራል። ዛፉ አንድ ጠባይ አለው፤ ሰማዩ ካባራ በኋላም እርሱ ብቻውን ማዝነቡን ይቀጥላል። ይህ ጠባይ በተሻረ መመሪያ በሚሠሩ ቢሮዎችም ይስተዋላል። ሁለተኛው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ከላይ ያስጠልላል፤ ከጎን አያስጠልልም፤ ያስከፍላል። ሦስተኛውና ዋነኛው የሱቅ በረንዳ ነው።

በረንዳ ላይ ከሚገኙት ሰዎች መካከል ልዩ ትኩረት የሚሻው ባለጃንጥላው ነው። ጃንጥላውን አጥፎ ይዞ ይቆማል። ለምን እንደቆመ ሲጠየቅ «እስኪያባራ ነው» ይላል። ሲያባራ ይሄዳል። ጃንጥላ ለአሶሳ ዝናብ መከላከያ ሳይሆን ባለቤቱ ቀኑን አስቦበት እንደወጣ ማስረጃ መሆኑን ጥናቱ ይደመድማል።

በረንዳ ላይ የሚደረገው ውይይት ቋሚ አጀንዳ አለው። የበርታው ነጋዴ በዓረብኛ ሰላም ይላል። በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡት እናት በወሎ አማርኛ ይመልሳሉ። የሲኖትራኩ ሾፌር በኦሮምኛ ያክልበታል። አንዱ ወጣት «ጠጋ ይበሉ እማማ፣ እዚህ ጋ ያንጠባጥባል» ብሎ ቦታ ይለቃል። ከዚያ «የዘንድሮውስ በዛ» ይባላል፤ ያለፈው ዓመትም በጊዜው ዘንድሮ ሳለ በዝቶ ነበር። ቀጥሎ ጭቃው፣ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ፣ በመጨረሻ ልጆች ይነሣሉ። ዝናቡ ሲያቆም ሁሉም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይበተናል። ቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ አበል አይከፈልም፤ ተሳታፊ ግን ጎድሎ አያውቅም።

ቀኑን ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባለላቸው ኃላፊም የሚገኙት እዚሁ ነው። ባለጉዳዩ ከጎናቸው ይቆማል፤ ዝናቡ ስለያዛቸው ጥለውት መሄድ አይችሉም። ጉዳዩ በቃል ያልቃል። ማኅተሙ ግን ቢሮ ነው ያለው።

ከመጠለል ውጪ የሚሠራ ነገር ቢኖር ገበያ መውጣት ነው። ክረምት የሽመል ቡቃያ ወቅቱ ነው፤ ሴቶች ከጫካ አምጥተው ይሸጡታል፤ ተቀቅሎ ይበላል። በቆሎው ሲደርስ ደግሞ እሸቱ በየጥጉ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ጠባሿም፣ ከሰሉም፣ ገዢውም ያሉት በረንዳ ሥር በመሆኑ ይህ ግኝት የመጀመሪያውን አያፈርስም።

የውጤት ትንተና

መጠለል ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። ሕጉ እንዲህ አይልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ሰኔ 30 አብቅቶ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ተወካዩ ክረምቱን ሲጠለል መራጩ አንድ ሰዓት ቢጠለል ከሕገ መንግሥቱ መንፈስ አይወጣም።

በተቃራኒው ወገን የሚጠቀስ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ እርሱም በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው። የሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው በበጋ፣ ቅዳሜ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። ውሃ መያዝ የጀመረው ግን በ2012 ክረምት ነው፤ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ማለትም በክረምት አዘቦት ቀን ነው። ስለዚህ በክልሉ የክረምት ሥራ ትልቁ ውጤት ዝናብ ማጠራቀም ሆኖ ተገኝቷል፤ ነዋሪውም ይህንኑ በጫማው ያደርጋል። ግድቡ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ዝናቡ ጠንከር ሲል ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ባለሱቁ ሻማ ይሸጣል። ሁለቱ ክስተቶች ተዛማጅ መሆናቸውን ጥናቱ አላረጋገጠም፤ የሻማ ገበያው ግን ጥሩ ነው።

ምክረ ሐሳብ

ለእንግዳ፦ ጉዳይዎን በጠዋት ይጨርሱ፤ ካልሆነም ኃላፊው የሚጠለሉበትን በረንዳ አስቀድመው ይወቁ።

ለቢሮዎች፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ማኅተሙ ወደ በረንዳ ይውጣ።

በከተማዋ ፎቅ ለምትሠሩ ባለሀብቶች፦ ፊቱ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ዝናብ የሚያሳይ እንጂ የሚያስጠልል አይደለም። መስታወቱን ቀንሱና ክዳኑን አንድ ሜትር አርዝሙልን።