ሐምሌ በኖቬምበር

የእህቴ ልጅ የትምህርት ማስረጃዋን ለሥራ ቅጥር በኢንተርኔት መላክ ነበረባት። ካልተሳካ አማራጩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ በአካል መቅረብ ነው። ሐምሌ ነው፤ የባሮ ወንዝ ሞልቷል፤ ጋምቤላ ደግሞ ዝናብ ሲመጣም ሙቀቷ አይለቅም። አንድ ኮፒ ቤት ገባን። ጸሐፊዋ ዲግሪውን ስካን አደረገችልን፣ ቅጹ ተከፈተ፣ ልጅቷ ስሟንና የተመረቀችበትን ዓመት ሞላች። «ፋይል ላክ» የሚለውን ስትጫን ግን ምንም የለም። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ የምትሽከረከር ክብ እንኳ የለችም።

«ኔትወርክ ነው» አሉ ተራ የሚጠብቁት። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ገጹ ያለችግር እየተከፈተ ቁልፉ ብቻ ዝም ሲል ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ያስፈልጋል። ካሹን አጸዳን፤ ኩኪውን አጠፋን፤ ከክሮም ወደ ፋየርፎክስ ዞርን። ያው ነው። ልጅቷ ላቧን እየጠረገች «ዛሬ ማብቂያው ነው እኮ» ትላለች።

ፋይሉን ወደ ስልኳ እናሳልፈው ብለን ኢሜይል ስንከፍት ነገሩ ተገለጠ። ብሮውዘሩ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረቱን ነገረን። ወደ ማያው ጥግ ብናይ ኖቬምበር 2017 ይላል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 4።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ራሱ እንዲገባልኝ ብዬ ነው» አለች ጸሐፊዋ። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ነውና አሥራ አንደኛውን ወር መረጠች፤ ዓመቱ በእኛ 2017 ነበርና እሱን ጻፈች። ልክ ናት! እዚህ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፣ ቀኑም የእኛው ነው። ኮምፒውተሩም ለጽሕፈት እንጂ ለኢንተርኔት እምብዛም አይነካም።

ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርቲፊኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው። ብሮውዘሩ ያንን ቀን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተሰጠ ሰርቲፊኬት በ2017 ላይ ላለ ማሽን ገና ያልተሰጠ ወረቀት ነው። የሰርቲፊኬት ዕድሜ አጭር ስለሆነ በሥራ ላይ ያለው ሁሉ የቅርብ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር፤ በ2029 ደግሞ ወደ 47 ቀን ይወርዳል። ቅጹ ባልተመሰጠረው መንገድም ስለሚገኝ ተከፈተልን፤ ቁልፉ ግን ፋይሉን የሚልከው በተመሰጠረው መንገድ ነበር፤ እዚያ ላይ ተከለከለ። ብሮውዘር መቀየሩ ያልረዳንም ሁለቱም የሚያዩት አንዱን ሰዓት ስለሆነ ነው።

ሁለት አቆጣጠር እዚህ ከተማ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። የካርቱም መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት በዚህ ወቅት እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የፈረንጅና የእኛ ቀን የተጻፈባቸው ወረቀቶች ያኔም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መሆን አለበት፤ ልዩነቱን የሚያሰላ ጸሐፊ ግን ነበራቸው።

ዛሬ ያን ስሌት ማሽኑ ራሱ መሥራት ይችላል። ዘመናዊ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፤ የውስጡ ሰዓት ሳይነካ ቀኑን በሐምሌ ማሳየት ይቻላል። ይህን ቅጹ ላይ ማስገባት የባለሙያ ጥቂት መስመር ነው። ከዚያ በላይ የሚያንገበግበኝ የቁልፉ ዝምታ ነው። «ፋይሉ አልተላከም፤ የኮምፒውተርዎን ቀን ይመልከቱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ባልቆመ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከልን፤ ቁልፉ ሠራ፤ ማስረጃው ገባ። ጸሐፊዋ የደብዳቤውን ቀን ከእንግዲህ በእጇ ልትጽፍ ተስማማች። ኋላችን የቆሙት ወጣቶችም ያንኑ ቅጽ የሚሞሉ ስለነበሩ ወንበሩን ለቀቅንላቸው። እኔ ለቅጹ ባለቤት መሥሪያ ቤት የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲጨምሩ ለምኜ ልኬያለሁ።