ሙቀጫውና መተዳደሪያ ደንቡ

ጀርመን ለመዝናናትም ሕግ አለው ስል ያጋነንኩ የሚመስለው አይጠፋም። አለው፤ ለዚያውም የፌዴራል ሕግ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሲሆን የሚመለከተው ከተሜው በትርፍ ጊዜው እየኮተኮተ የሚደሰትባቸውን ትንንሽ የአትክልት ቦታዎች ነው። ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። በውስጡ የምትቆመው ጎጆ ከነበረንዳዋ ከ24 ካሬ ሜትር እንዳታልፍ፣ መኖሪያ ቤትም እንዳትሆን ይላል። በ2004 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ገባበትና ከመሬቱ ቢያንስ ሲሶው ፍራፍሬና አትክልት ሊበቅልበት ይገባል ብሎ ፈረደ። አያቴ ምንጃር ላይ ሲሶ ለባላባት ይሰፍሩ ነበር። እኔ ፍራንክፈርት ላይ ሲሶ ለቲማቲም እሰፍራለሁ። እድገት ይሏል ይኼ ነው።

በሰው አገር ሲኖሩ ሰው የማይሞክረው የደስታ ዓይነት የለም። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሱቅ መልሶ 25 ሳንቲም መቀበል እኔን ለብዙ ጊዜ ሲያስደስተኝ ኖሯል፤ የራሴው ገንዘብ መሆኑን እያወቅኩ እንኳ ማሽኑ ወረቀቷን ሲተፋልኝ ሎተሪ የደረሰኝ ያህል ፈገግ እላለሁ። ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር አሮጌ ዕቃ ገበያ ወርጄ የማልገዛውን የግድግዳ ሰዓት ዋጋ እከራከራለሁ። ብስክሌትም ገዝቼ ነበር፤ እሷን ተዉአት። ከሁሉም የጸናብኝ ግን ይኼ የአትክልት ቦታ ሱስ ነው።

ጀርመኖቹ ቦታውን ሽሬበር በሚባሉ በአንድ የላይፕዚግ ሐኪም ስም ይጠሩታል። ሐኪሙ ያረፉት በ1861 ነው። በስማቸው ማኅበር የተቋቋመው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን አቋቋሚው ሃውሺልድ የተባሉ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ያኔም ቢሆን የታሰበው ለልጆች መጫወቻ ሜዳ እንጂ ለጎመን መደብ አልነበረም፤ መደቡ የመጣው ጌዜል በሚባል አስተማሪ አማካይነት በኋላ ነው። ልጆቹ ኮትኩቱ ሲባሉ ሰለቻቸው፣ ወላጆቻቸው ዶማውን ተቀበሉ፣ ነገሩም በዚያው የአዋቂ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ በስማቸው የበቀለ አንድ ጎመን ሳያዩ ዛሬ በአገሩ ሙሉ ወደ 900,000 የሚጠጋ መደብ ላይ ስማቸው ይነሳል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ስንቱን ነው?

ትልልቅ ከተማ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ ነው። ተራዬ ሲደርስ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው ትተውት የሄዱትን ሁሉ ገማቾች መጥተው ቆጠሩት፤ የፕለም ዛፍ፣ የእንጆሪ ቁጥቋጦ፣ ያዘመመች ጎጆ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ተጻፈለት። ቀይ ቆብ የደፋ የሸክላ ድንክ ግን በነፃ ተመረቀልኝ። ባለቤቴ ድንኩን ስታይ አማተበችና ወስዳ ከጎጆዋ ኋላ ደበቀችው። በሳምንቱ ስንመጣ ጎረቤታችን በደግነት አውጥተው፣ አቧራውን አራግፈው ቦታው መልሰውልናል። እስከ ዛሬ ባለቤቴ ትደብቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም።

እማዬ ዘንድ ደውዬ መሬት አገኘሁ አልኳት። እልልታዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ።

«ስንት ጥማድ ነው?»

«ኧረ ለጥማድ እንኳ አይደርስም።»

«ታዲያ በሬዎቹ የት ይዞራሉ?»

«በሬ የለም እማዬ፤ በአካፋ ነው።»

«በአካፋ…» አለችና ትንሽ ቆየች። «የራስህ ነው?»

«ኪራይ እከፍላለሁ።»

«ይሁን። እህሉን ትሸጣለህ?»

«መሸጥ ክልክል ነው። ለራስ ብቻ ነው።»

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ተማርና ከዚህ ጭቃ ውጣ» እያለ ነው ትምህርት ቤት የላከኝ። በሬ ሸጦ ደብተር የገዛልኝ ሰው ነው። እማዬ ይኼ ሁሉ በአንዴ ሳይታወሳት አልቀረም። «ልጄ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼን ነገር ለሰው አትናገር።» ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን የገበሬ ልጅነቷ አሸነፋትና ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ እንድተክል መከረችኝ፤ ለማገርም ለማገዶም ይሆናል። የደን ዛፍ በማኅበራችን ደንብ ክልክል መሆኑን ነገርኳት። መሬት ተከራይቶ ዛፍ የማይተከልበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው አለች። መልስ አልነበረኝም።

ጎረቤታችን ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔና ባለቤቴ በሌሉበት ጋሼ ሰዓቱ እንላቸዋለን። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ችግኝ በማውጣት ጉዳይ ግን ከቅዱሳን ውጪ ማንንም አያምኑም። በጀርመን የገበሬ ልማድ ከሜይ 11 እስከ 15 ድረስ የበረዶ ቅዱሳን የሚባሉ አሉ፦ ማሜርቱስ፣ ፓንክራቲዩስ፣ ሰርቫቲዩስ፣ ቦኒፋቲዩስ፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛዋ ሶፊ። እነሱ ሳያልፉ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ደጅ ያወጣ ሰው ሌሊቱን ውርጭ ይመታበታል። ይኼንን የነገሩኝ እንደ ትልቅ ምሥጢር ነው። እኔ ደግሞ የወሩን ቀን በሚካኤል፣ በገብርኤልና በማርያም ስቆጥር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሶፊን ለማስገባት ምን ይቸግረኛል? አሁን ግንቦት 1 ልደታን ከፕለሙ ዛፍ ሥር በንፍሮ እናከብራለን፤ ከዚያ ግንቦት 7 ሶፊ እስክታልፍ ቃሪያዬ ከመስኮት አይወርድም። ጋሼ ሰዓቱ ንፍሮውን በማንኪያ ይበላሉ።

በጤና አዳም ግን ልንጣላ ነበር። ችግኝ መሸጫ ውስጥ ተደርድሮ ሳገኘው ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ተሸክሜ ስገባ ጋሼ ሰዓቱ አዩትና፣

«እርስዎንም ድመት ያስቸግርዎታል?» አሉኝ።

ለካ እዚህ አገር ጤና አዳም የሚተከለው ድመት ለማባረር ነው። እሳቸውም በእንጆሪያቸው ዙሪያ ተክለውታል። ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ያረፈበት ቆዳ ውሃ ይቋጥራል ብለው ሲከረክሙት ጓንት ያጠልቃሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ አንጓ ይቆልፋሉ። እኔ ደግሞ ዓይናቸው እያየ በባዶ እጄ አንድ ዘለላ ቀነጠብኩና ሲኒዬ ውስጥ ነክሬ ፉት አልኩት። የዚያን ዕለት ቶሎ ወደ ቤታቸው አልገቡም። እስኪመሽ ድረስ በየሰበቡ ብቅ እያሉ፣ መኖሬን ያረጋግጡ ነበር።

እሳቸውም በተራቸው የሚኮሩበት ቅጠል አላቸው። የፍራንክፈርት ሰው በጸሎተ ሐሙስ አረንጓዴ ሶስ ይበላል፤ ሰባት ዓይነት ቅጠል ይከተፋል፣ በጎምዛዛ ክሬም ይለወሳል፣ ከተቀቀለ እንቁላልና ከድንች ጋር ይቀርባል። ከሰባቱ አንድ ቢጎድል ያ ሌላ ምግብ ነው፣ ስሙንም ሊሸከም አይገባም ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ በጎድጓዳ ሳህን ሞልተው ሲያመጡልን እኛ ጾም ላይ ነን። የእኛ ፋሲካ ወይ ከእነሱ ጋር ይውላል ወይ ኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ በእነሱ ጸሎተ ሐሙስ ምንጊዜም ጾም ላይ ነን። ባለቤቴ ድንቹን ብቻ ተቀበለች። በእኛ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስትልክላቸው እሳቸውም ብድራቸውን መለሱ፤ ስንዴውን በሉና ባቄላውን ለዘር አስቀመጡት።

አሁን ወደ ሙቀጫው ልምጣ። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ቡናውን አጥባ፣ ከሰል አያይዛ፣ ማንከሽከሻውን ጣደች። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ ሲሄድ፣ መንጣጣት ሲጀምር፣ ወዙን ሲያወጣ ዓይኗን አልነቀለችበትም። ጭሱን በእጇ እያራገበች ወደ እኔ ገፋችው። ጭስ በደንቡ አልተነሳም፤ ሥጋ ጠባሹ ብዙ ነውና። ከዚያ ሙቀጫውን አስጠጋች። ዘነዘናው ሦስቴ እንኳ ሳይወርድ የጋሼ ሰዓቱ ራስ በቁጥቋጦው አጥር ላይ ታየ። አጥራችን በደንቡ ከ1 ሜትር ከ25 ስለማይበልጥ መንጠራራት አያስፈልጋቸውም።

«ምን እየገነባችሁ ነው?»

«ቡና እየወቀጥን ነው።»

«በዚህ ሰዓት?»

ጎጆአቸው ገብተው ደንቡን ይዘው መጡ። አንቀጹ ሞተር ያለው መሣሪያ፣ መዶሻና መጋዝ ይላል። ሙቀጫ ሞተር የለውም፤ እዚህ ላይ ተስማማን። ጥያቄው ዘነዘና መዶሻ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። ተቀበሉኝና መዘኑት፣ ገለበጡት፣ ጫፉን አሸተቱት። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ቢሆንም የባቡር ሰው ናቸው፤ ጉዳዩ ከሥልጣናቸው በላይ መሆኑን ገልጸው ለሥራ አመራሩ አቀረቡት።

ሥራ አመራሩ ሦስት ሰው ሆኖ መጣ፤ አንዱ ማስታወሻ ይዟል። ባለቤቴ ጉዳዩ ያለ ማስረጃ ሊታይ አይችልም አለችና ከጥሬው ጀመረችላቸው። ረከቦቱ ተዘረጋ፣ ፈንዲሻው ቀረበ። በአቦል ላይ ስለ ድምፅ መጠን ተከራከሩ። በቶና ላይ ዘነዘናው ከእንጨት ቢሆን ይሻላል ወይስ ከብረት የሚለው ተነሳ። በረካ ላይ ሊቀመንበሩ ስለ ሟች እናታቸው የቡና መፍጫ ያወሩ ነበር። በመጨረሻ የተጻፈው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ ሙቀጫ የወጥ ቤት ዕቃ ነው፤ ይሁንና ከዕረፍት ሰዓት ውጪ ይወቀጣል።

ውሳኔው ለባለቤቴ ሽንፈት ነበር፤ ለእኔ ግን ነፃነት ሆነልኝ። እኛ ሐበሾች እዚህ አገር ሁለት ሥራ ስንሠራ፣ ቅዳሜን ለለቅሶና ለክርስትና፣ እሑድን ለቤተ ክርስቲያን ስናከፋፍል፣ ተቀመጥ የሚለን ሰው የለም። ዕረፍት የሰነፍ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወንበሬን ከፕለሙ ሥር ዘርግቼ ተጋድሜ ባለቤቴ «ያ መደብ አልተኮተኮተም» ስትለኝ በጣቴ ደንቡን አሳያታለሁ። ደንቡ ስለ ዶማ ምንም እንደማይል እስካሁን አላነበበችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጋሼ ሰዓቱ ኬክ ይዘው ከነኩባያቸው ይመጣሉ፤ ሲኒያችን አያረካቸውም። አንዴ ወተት ጠይቀው ነበር። ባለቤቴ አየቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም። በጀርመን የተቆላ ቡና በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም ግብር እንደሚከፈልበት፣ ጥሬ ቡና ግን እንደማይከፈልበት የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ባለቤቴን እስከ ዛሬ የሚያከብሯት ለባህሏ ሳይሆን ለሒሳብ ችሎታዋ ይመስለኛል።

ማኅበሩ ደቦም አለው። እያንዳንዱ አባል በዓመት የተወሰነ ሰዓት የጋራውን መንገድና አጥር ይሠራል፤ ያልሠራ በሰዓት ተሰልቶ ይከፍላል። መዝገብ፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሚያኮርፍ አባል፣ ሁሉም የተሟላ ነው። ሥራው ሲያልቅ በግራጫ ማሰሮ የፖም ወይን ይመጣል፤ መጀመሪያ ስቀምሰው ፊቴን አጨማደደው፣ አሁን ማሰሮውን የምይዘው እኔ ነኝ። ጀርመኖቹ ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር እኔ የእድር ልጅ መሆኔን ነው። በጠቅላላ ጉባኤው አንድ አባል ሥነ ሥርዓት ሲል ከእሱ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። ቃለ ጉባኤው ሳይነበብ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ልናልፍ ስንል ያስቆምኩ እለት አዳራሹ በአድናቆት ጸጥ አለ።

በዘንድሮው ምርጫ ታዲያ የደንብ ማስከበር ኃላፊ አድርገው መረጡኝ። ሜትር ይዞ አጥር መለካት፣ የተከለከለ ዛፍ ማየት፣ ለጥፋተኛው ደብዳቤ መጻፍ ነው ሥራዬ። ደስታዬን ለማካፈል እማዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ሹመት ነው በለኛ!»

«ሹመት ነው።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም።»

«ግዴለም፣ ከክብሩ ነው። እንግዲያውስ ያንን ባሕር ዛፍ አስፈቅድና ትከል።»

«እማዬ፣ የደን ዛፍ ክልክል ነው አልኩሽ እኮ።»

«ማነው የሚከለክልህ?»

«አሁንማ እኔ ነኝ።»