በቅርስ መካከል የመኖር ጸጋ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በላስታ ተራሮች መካከል በተቀመጠችው ላሊበላ መኖር ምን ያህል መታደል እንደሆነ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሁለት ሌሊት አድረው በሦስተኛው ቀን የሚበሩ ጎብኚዎችና ጉዞውን የሚሸጡላቸው ወኪሎች ናቸው፤ ነዋሪው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው በመክረሙ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኖ ለመመዘን አልታደለም። ስለዚህ የከተማዪቱን ኑሮ የሚያወድሱ ጽሑፎች የነዋሪውን ቃል ሳይጠይቁ ቢያልፉ ከጥንቃቄ ሊቆጠርላቸው ይገባል።

የውዳሴው መነሻ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ማለትም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ሳይሆን አለቱ ራሱ ተፈልፍሎ የታነጹት ቤተ መቅደሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ፣ በአጠገባቸው ያሉት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶችም አብረው ተወስተዋል። እነዚህ የላስታ ቤቶች ለፎቶግራፍ እጅግ የተመቹ ሲሆኑ፣ አንድ ጉድለት ቢገኝባቸው ሰው የሚኖርባቸው መሆኑ ነበር። ሰው ደግሞ ምድጃ ያነዳል፣ ልጅ ሲወልድ ክፍል መቀጠል ያምረዋል፣ ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ ይመርጣል፤ ይህ ሁሉ ለዓይን አይስማማም። ጉድለቱ ውሎ አድሮ ታርሟል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የጥበቃ ክልል፣ ይኸውም ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ግንባታና መኖሪያ የሚገደብበት ቀጣና፣ ተለይቶ ብዙ ቤተሰቦች ከአያት ቅድመ አያት ሰፈራቸው ተነሥተው ራቅ ወዳለ ስፍራ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ኑሮ ከነዋሪው ሲጸዳ እንዴት እንደሚያምር ማየት የሚሻ ተመራማሪ ዛሬ ባዶ በቆሙት ክብ ቤቶች መካከል እየተዘዋወረ ሊያጠና ይችላል።

ቆርቆሮ ዓይን ያቆሽሻል የሚለው መርሕ ግን በሁሉም ዘንድ እኩል እንደማይሠራ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ11ዱ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት አናት ላይ የተተከሉት አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች፣ ከዝናብ ለመከላከል ለጊዜው የቆሙ ናቸው ስለተባሉ፣ ከመልክዐ ምድሩ ጋር ተስማምተው እንዲታዩ ተፈርዶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ነዋሪዎች ብረቱ በአለቱ ላይ ጉዳት ያመጣል ብለው አደባባይ ወጥተው መጮኻቸው፣ ከአልጋው በላይ አንዲት ቆርቆሮ የተከለከለ ሰው ስለ ጣራ ምን ያህል ቁጡ ሊሆን እንደሚችል ከማሳየት በቀር ለውበት ጥናት የሚጨምረው ነገር የለም።

የውኃውን ነገር በተመለከተ፣ ቧንቧው ለቀናት ሲደርቅ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን የምትወጣ ሴት በአወዳሾቹ ዘንድ «ያልተበረዘ አኗኗር» ተብላ ትታወቃለች። ቅር የሚያሰኛቸው የጀሪካኑ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው፤ እንስራ ተሸክማ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ምሉዕ በሆነ ነበር። (የቧንቧው መስመር ቢጠገን ሥዕሉ ከነአካቴው ስለሚጠፋ፣ ጥገናው የሚጠይቀው መሥዋዕትነት ቀላል አይደለም።)

የኮሮና ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በ2021 ጎብኚውን ባራቀ ጊዜ የላሊበላ ኑሮ ያለ አንዳች ግርግር በንጹሕ መልኩ ታይቷል። ሆቴሎቹ ጭር አሉ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ መስቀልና ጥልፍ የሚሸጠው ከሱቁ ደጅ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ዋለ። አየሩ ግን እንደ ወትሮው ንጹሕ፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም እንደ ወትሮው ግርማ የተላበሰ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ውበት ብሎ ከኩንታል ጤፍ ዋጋ ላይ የሚቀንስ ነጋዴ አለመገኘቱ የነጋዴው ጉድለት እንጂ የውበቱ አይደለም።