ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚገባ ዕዳ

በሎስ አንጀለስ ምሥራቃዊ ወገን፥ ቦይል ሃይትስ በሚባለው የሜክሲኮ ተወላጆች ሠፈር፥ ቀኑን ሙሉ በሰው ጣራ ላይ ሬንጅ ሲያነጥፍ የሚውል አባት፥ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል እናት፥ ላስቲኩ ባልተገፈፈለት ሶፋ ላይ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን የሚቈጥሩ አያት፥ እንዲሁም ዐሥራ አምስተኛ ዓመቷን ለመድፈን ጥቂት ወራት የቀሯት ልጃገረድ በአንድ ቤት ቢኖሩ፥ ለልጅቱ ልደት ምን እንደሚደረግ የሚቈርጠው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዚያን ሕዝብ ትውፊት ፈጽሞ ያልተማረ ነው። የሚቈርጡት አያቲቱ ናቸው። ልጅቱማ የልደቱ ባለቤት እንጂ የድግሱ ባለቤት አይደለችም።

ኪንሴአኜራ የሚባለው ይህ ታላቅ በዓል ሴት ልጅ ከሕፃንነት ወደ ሴትነት መሻገሯ በቅዳሴና በጭፈራ የሚታወጅበት ነው፤ ጥበቡም እጅግ ይደነቃል። ልጅቱ ለዐቅመ ሔዋን መድረሷ ለሕዝብ እንዲገለጥ አባቷ በጉባኤው ፊት ተንበርክኮ ጠፍጣፋ ጫማዋን ያወልቅና ባለ ተረከዙን ያጠልቅላታል፤ ወዲያውም፥ ምናልባት ነገሩን ከልቧ እንዳታምነው ይሆናል፥ የመጨረሻይቱ የምትባለውን አሻንጉሊት ያስታቅፏታል። በዚያች ሌሊት ዘውድ ደፍታ ያመሸችው እመቤት በማግሥቱ ከጓደኞቿ ጋር ሲኒማ ልግባ ብትል የአያቲቱ ነጠላ ጫማ አየሩን ሰንጥቆ ትከሻዋ ላይ ያርፋል፤ የካሊፎርኒያም ሕግ የመንዳት መለማመጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዐሥራ አምስት ዓመት ተኩል ለሞላው ነውና፥ የሙሉ ሴትነት ማዕርግ የተቀበለችው ይህች ልጅ መሪ ለመጨበጥ ገና ስድስት ወር መታገሥ አለባት።

የሥርዓቱን ጥንታዊነት የሚጠራጠር ቢኖር አያቲቱ ከአዝቴኮች ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መሆኑን ይነግሩታል፤ አዝቴኮች ቫልስ የተባለውን የቪየና ጭፈራ ከየትኛው መምህር እንደ ተማሩ ግን አይነግሩትም። ሌሎች ደግሞ ቫልሱን ያመጡት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1864 ከኦስትሪያ መጥቶ በሜክሲኮ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ማክሲሚሊያንና ሚስቱ ካርሎታ ናቸው ይላሉ፤ ይህ እውነት ከሆነ ሜክሲኮዎች በ1867 ንጉሡን ኬሬታሮ ላይ በጥይት ሲቀጡ ጭፈራውን ግን ምረውታል ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ፥ ድግሱ ከባለ ጠጎች አዳራሽ ወጥቶ ለሠራተኛው ቤት የተዳረሰው በሃያኛው መቶ ዓመት ነውና፥ አያቲቱ ራሳቸው በሚቾአካን ገጠር ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ዕለት በቆሎ ሲፈለፍሉ ነው የዋሉት። እናቲቱም በተራዋ ያንኑ ዕድሜ የደፈነችው ድንበር ተሻግራ በመጣችበት ዓመት ስለ ነበር፥ ስለ ልደቷ ያስታወሳት አልነበረም። እንግዲህ የዚህ ቤት ድግስ በሁለት ትውልድ ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ በእርሱ ውስጥ የልጅቱ ድርሻ ቀሚሱን መሸከም ብቻ ነው፤ ቀሚሱም ቀላል አይደለም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን በዓል ከሰባቱ ምሥጢራት ጋር አልቈጠረችውም፤ ዳሩ ግን ምእመናንን ከመገሠጽ ተከትሎ መባረክ ይቀላል ተብሎ ይመስላል፥ በ2007 ለአሜሪካ አህጉረ ስብከት የተዘጋጀው የዚሁ ቀን የቡራኬ ሥርዓት በሮም ጸድቋል።

ወደ ወጪው ስንመለስ የሠፈሩ ሊቅነት ከዚህ ይልቅ ይገለጣል። አንድ ጣራ ሠሪ ለአዳራሽ፥ ለረጅሙ ሊሙዚን፥ ለሥጋው ቅቅል፥ በማሪያቺ አደባባይ ጊታራቸውን ታቅፈው ጠሪ ለሚጠብቁት ሙዚቀኞች፥ ለቫልስ አስተማሪው፥ ልጅቱን አጅበው ለሚጨፍሩት ወጣቶች ልብስ የሚከፍለውን ገንዘብ ከየት ያመጣል ብሎ የሚጨነቅ ሰው የክርስትና አባትነትን ምሥጢር አልተረዳም። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ክርስትና አባት አለው። የዘውዱ ክርስትና እናት አክስቲቱ ናት፤ የኬኩ ክርስትና አባት የአባትየው አለቃ ነው፤ የጫማው፥ የመጽሐፍ ቅዱሱና የመቍጠሪያው፥ የአበባው፥ የሙዚቃው ክርስትና አባቶችም በየማዕርጋቸው ይጻፋሉ፤ ስማቸውም በጥሪው ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም ይታተማል፤ ኬክ ሳይጠመቅ ክርስትና አባት ያገኘው እንግዲህ በዚህ ምድር ነው። ከእነዚህም እያንዳንዱ በየቤቱ የምታድግ ሴት ልጅ አለችውና፥ አባትየው በተራው የእገሊት ኬክ፥ የእገሊት ሊሙዚን ክርስትና አባት ለመሆን ቃል ገብቷል፤ ስለዚህ ዕዳው ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው እየገባ ሠፈሩን ሲዞር ይኖራል እንጂ የሚከፈልበት ቀን የለም። የቀረው ከታንዳ ይሞላል። ታንዳ የእኛው ዕቁብ ነው፤ የታንዳው ገንዘብ የሚቀመጠውም በዴንማርክ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፥ ከክርና ከመርፌው በታች ነው፤ ከቆርቆሮው ውስጥ ብስኩት ያገኘ ልጅ በዚያ ቤት እስከ ዛሬ አልታየም።

ልጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ አቤቱታ አቅርባ ነበር። «አቡዌላ፥ ድግሱ ቀርቶ ያገለገለች መኪና ብትገዙልኝስ? በዓመቱ ለትምህርት ቤትም፥ እማን ወደ ሥራ ለማድረስም ትሆነኛለች» አለች። አያቲቱም መቍጠሪያቸውን አስቀምጠው፥ «ልጄ፥ መኪና ቀሚስም አይለብስ፥ ክፉ ጎረቤትም አያቃጥል» ሲሉ መለሱላት። አባትየው በውስጡ የመኪናውን ሐሳብ ሳይወድድ አልቀረም፤ ነገር ግን በእናቱ ፊት ድምፅ የሚሰጠው በዝምታ ነውና፥ ዝምታውም በስምምነት ተመዘገበ።

ለጎረቤት ተብሎ የሚደገስ ድግስ እስከ ምን እንደሚያደርስ በሜክሲኮ በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ክፍለ ሀገር፥ ላ ሆያ በምትባል መንደር ታይቷል። አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን ከጎኑ አቁሞ፥ ማንም ቢመጣ እንቀበላለን ሲል በቪዲዮ ጥሪ አቀረበ፤ ቃሉ በዓለም ተሠራጭቶ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እመጣለሁ ሲል በፌስቡክ መለሰ፤ በዲሴምበር 26 ቀን 2016 ብዙ ሺህ ሕዝብ በእርግጥ መጣ፤ አሸናፊው 10,000 ፔሶ በሚሸለምበት የፈረስ እሽቅድምድምም አንድ ሰው በፈረስ ተመትቶ ሞተ። የእኛይቱ አያት ይህን በቴሌቪዥን ባዩ ጊዜ አዝነው አማተቡ፤ ጥቂት ቈይተውም የልጅቱ ቀሚስ ስንት ሜትር ጨርቅ ፈጅቶ እንደ ሆነ ጠየቁ።

የቦይል ሃይትሱ ድግስ ግን ያለ አንዳች ጉዳት ተፈጸመ። አባትየው ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተጨማሪ ጣራ ይዟል፤ ልጅቱ በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ቀሚሱ በላስቲክ ተሸፍኖ የልብስ ሣጥኑን እኩሌታ ይዟል። ታናሽ እኅቷ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ለአዳራሹም ቀብድ ተከፍሏል።