ምረጥ፣ ልጄ!

የባሌዋ አንገቱ ከተማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ማየት ደስ ይላል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቁም ነገር ይደረድራል፤ ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ከ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ የቀሩትን ከምርጫ ጭንቀት ፈተናው ራሱ ገላግሏቸዋል።

ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚሰጋ አይስጋ፤ ወጪ መጋራት አለ። ብላ፣ ተኛ፣ ተማር፤ ሥራ ስትይዝ ከደሞዝህ ቢያንስ 10 በመቶ ትከፍላለህ። ሥራው ከየት እንደሚመጣ አትጠይቅ፤ ደንብ ሁሉን አያውቅም። ዕጣህ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ የሰነቴን አምባ ብርድ ተሻግረህ ሮቤ መግባት ነው፤ ጋቢው በወጪ መጋራት አይሸፈንም።

ባሕር ማዶ ካማረህ ሃርቫርድና ዬል አሉልህ። የውጭ አገር አመልካችንም ኪሱን አይተው አይጥሉም። ድህነትህን ግን በሰነድ ይሻሉ፦ የአባት ገቢ፣ የቤት ግምት፣ የባንክ ሂሳብ። ሐረና ጫካ ዛፍ ላይ የተሰቀለው የአባትህ ቀፎ በቅጹ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይሞላ? ሀብታምነት በወሬም ይታመናል፤ ለድህነት ግን ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሙ ደግሞ ኃላፊው ጋ ነው፤ ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ናቸው።