ድሪቶ ላላችሁኝ

አክስቴ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው የሥራ ክፍሌን ሲቃኙ ወለሉም፣ ጠረጴዛውም፣ ግድግዳውም ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ቤቱን ገበያ አደረግሽው?» አሉኝ።

«ሰርግ ቤት ነው እንጂ እትዬ። ገበያ የመጣ ተለያይቶ ይሄዳል፤ እዚህ የመጣ ተጋብቶ ይቀራል።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ የጨርቅ ሥዕል መስፋት ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ። አሜሪካኖች ኩዊልት ይሉታል። ፊቱ ከቁርጥራጭ ይጋጠማል፣ መሐሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባበታል፣ ጀርባው ገበር ይሆናል፤ ከዚያ ሦስቱን መርፌ አንድ ያደርጋቸዋል። ወደ ክፍሌ የገባ ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አይወጣም። እኔም ያለ መልስ የሸኘሁት የለም።

ቡና ላይ አንድ ዘመዳችን፣ «ድሪቶ ነዋ! እኛ አገር ያጣ ሰው የሚለብሰው» አለ።

«አዎ፣ ድሪቶ ነው። ከምንም ተነስቶ አንድ ነገር ማውጣት የሚያውቅበት ያጣ ሰው ነው። አንተ ድሪቶ በለው፣ እኔ ድርሰት እለዋለሁ፤ ሁለቱም የተበተነውን ሰብስቦ መልክ መስጠት ነው።»

አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች፣ ያለቀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያስጥል ልብስ ይሰፉበት ነበር። በፈረንጆች 2002 ያ ድሪቶ ኒው ዮርክ ውስጥ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረገው። ድሪቶ ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ደርቶ ማሳየት ግን እጅም ዓይንም ይጠይቃል።

ሥዕል የተማረ ወዳጃችን ቀጠለ። «ሥዕል ማለት ሸራ ላይ ሲሆን ነው።»

«ሸራስ ጨርቅ አይደለም? አንተ ጨርቁን በቀለም ትሸፍነዋለህ፤ እኔ ጨርቁ ራሱ ይናገር ብዬ እተወዋለሁ።»

የሃርለሟ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድ በ1980 የመጀመሪያ ኩዊልቷን የሠራችው የልብስ ዲዛይነር ከነበረችው እናቷ ጋር ነው። በ1988 የሠራችው «ታር ቢች» ዛሬ በጉገንሃይም ሙዚየም ይገኛል። የእኛው ኤልያስ ስሜም ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ስሙ ዓለም ላይ ከመናኘቱ በፊት በመርፌና በክር ሸራ ላይ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። መርፌን ከብሩሽ የሚያሳንስ ካለ፣ መርፌ ይዞ ይሞክራት።

ጎረቤቴ ሰዓት አየችና፣ «የስፌት መኪና እያለሽ 5 ወር ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«መኪናው መሮጥ ያውቃል፤ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ሜትር ብስት፣ 40 መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ስህተቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ አይሰቀልም። በእጅ የተሸመነ ሸማ ደግሞ ሲቆርጡት ይተረተራል፣ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት በካውያ የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ከጀርባው እለጥፍበታለሁ። ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሜ ለብቻው አጥበዋለሁ። ሦስቱን ንብርብር ስሰፋ ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እወጣለሁ፤ ከዳር የጀመረ ትርፉን ሁሉ መሐል ላይ ያጨማድደዋል። ይህ ሁሉ ጨርቅ ተጠቅልሎ ማለፍ ያለበት ከመርፌው በስተቀኝ ባለችው፣ አንድ ስንዝር በማትሞላው ክፍተት ነው። ክብደቱ ወደ ታች ከጎተተው መርፌው ይሰበራል፤ ስለዚህ በግራ በኩል ሁለተኛ ጠረጴዛ ገጥሜያለሁ። 5 ወር በዛ? የቸኮለ የሚያተርፈው መተርተር ነው።

ታናሽ እህቴ ግን ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ነው የጠየቀችኝ። «የእማዬን ቀሚስ በመቀስ! እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ?»

«ሻንጣ ውስጥ ብል ሲበላው ማየት ነው እጄ እምቢ ያለው።»

ቀሚሱ 11 ዓመት ተቆልፎበት ኖሯል። አሁን ግድግዳዬ ላይ የደሴው ግቢያችን ቆሟል። ሰማዩ የእማዬ ነጠላ ነው። ጦሳ ተራራ ከአባዬ ግራጫ ካፖርት ተቆርጦ ወጥቷል። በሩ የቀሚሷ ጥበብ ነው፤ ወደዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ በእሷ በኩል ይገባ ነበርና። እህቴ ቀርባ በሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ስለ መቀሱ ደግማ አላነሳችም።

«ስንት ትሸጪዋለሽ?» ያለኝም አለ።

«ሒሳቡን ገዢ ያውቀዋል፤ ዋጋውን የሚያውቀው የሰፋው ነው።»

ሃሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ያዕቆብ በሕልሙ ያየውን መሰላል፣ የመጨረሻውን እራት፣ ስቅለቱን በ11 ክፍል የሰፋችበትን ኩዊልት በ1886 አቴንስ በምትባለው ከተማ ለትርኢት አቀረበች። አንዲት የሥዕል አስተማሪ ልግዛው ብትላት አልሸጥም አለች። ኋላ ችግር ሲጠናባት በ1891 10 ዶላር ጠይቃ 5 ዶላር ተቀበለች። ከዚያም ወደ ገዢዋ ቤት እየተመላለሰች ጨርቋን ታይ ነበር። ዛሬ ያ ኩዊልት ከቤቴ ብዙም በማይርቀው፣ ዋሽንግተን ባለው የስሚትሶኒያን ሙዚየም ይጠበቃል። እኔ ችግር አላስገደደኝም፤ ስለዚህ እሷ መጀመሪያ የሰጠችውን መልስ እደግመዋለሁ፦ አልሸጥም።

የመጨረሻው ጥያቄ አጭር ነበር። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

«በቀድሞው አማርኛ ጠቀመ ማለት ሰፋ ማለትም ነው። ሰፍቼዋለሁ፤ እንግዲህ ጠቅሞ አደረ።»

ባለፈው እሑድ አክስቴ ተመልሰው መጡ። ከቦርሳቸው አንድ ክንድ የምታህል ቀይ ጥለት አወጡ፤ ከራሳቸው ነጠላ የተቆረጠች ነበረች።

«እህቴን ዳርሻት አሉ» አሉኝ። «ያለ ሚዜ?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ክር ሰካሁና ሚዜዋን ከጎኗ ሰፋኋት።