ዘመድ ጥየቃ

ደሃና፣ አምደ ወርቅ የሰነበትሁት የባለቤቴ አጎት ቤት ነው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «አያ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን «ሰቆጣ አጠገብ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳላይ አልመለስም» ብላቸው፣ «ደግ! እኔም ዘመዶቼን ከጠየቅሁ ቆየሁ» አሉኝ። ዘመዶቻቸው ሰቆጣ ከተማ የሚኖሩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቁምጣ ለብሼ፣ ባለ ሰፊ ጥላ ኮፍያ ደፍቼ ብወጣ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «ዘመድ ቤት እንዲህ ሆኖ ነው የሚኬደው?» ብለው መለሱኝ። ሱሪ አጠለቅሁ። ነጠላ ደረቡልኝ። እሳቸው አንድ እስር ጧፍና በወረቀት የተጠቀለለ ዕጣን ይዘዋል። እኔ የያዝሁት ብስኩት ነው።

ሰቆጣ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄደን ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ባለ ቁልፉ ቄስ ተዝካር ሄደዋል። አገራችን ውስጥ ጥንታዊ የሆነ ነገር ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፦ አንድ አፈ ታሪክና አንድ የሄደ ባለ ቁልፍ። እረኛ ልጅ ተላከላቸው። ልጁ በኽምጣና የሆነ ነገር ብሎ እየሳቀ ሮጠ፤ ነገሩ ስለ እኔ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መቀመጫዬን ባመቻች፣ ባዟዙር አልሆን አለኝ።

«የዋግ ሹሞች እኮ በንጉሥ ፊት በብር ወንበር ነበር የሚቀመጡ» አሉ አያ፣ ሆነ ብለው ይመስለኛል። የዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር፣ ለእነሱ ዋግና የብር ወንበሩ እንደ ቀረላቸው ይነገራል። ዙፋን ለቆ ወንበር ማትረፍ ቀላል ድርድር አይደለም፤ በእኛ ዘመን ከሹመት የወረደ ሰው ወንበሩን ቀርቶ የቢሮውን ቁልፍም አያተርፍ።

«ኋላ ዙፋኑንም መለስነው» ቀጠሉ አያ፤ «መለስነው» ሲሉ እሳቸውም ያሉበት ይመስላል። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ድል የነሷቸው ደግሞ ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት ናቸው። የተክለ ጊዮርጊስ ሚስት የእቴጌ ድንቅነሽ ወንድም! አያ ይህን ሲነግሩኝ አስተያየታቸው አላማረኝም። «አማች ማለት እንዲህ ነው» አሉ።

ቄሱ ደረሱ፤ ተዝካሩ ደግ እንደ ነበር ፊታቸው ይናገራል። ቁልፉ ክንድ ያህላል።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ስሙ ውቅር ነው፤ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል። ይህን የፈለፈለ ሰው ግን ዓምዱ ላይ አንዴ መሮው አዳልጦት ቢሆን ኖሮ ተራራውን የት ይመልሰዋል? እኔ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ስበሳ አራተኛው ቀዳዳ ነው የሚሳካልኝ። እጄን አለቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ወደ ጎን ወሰዱን። እዚያ ደርቀው የቆዩ አስከሬኖች አሉ። የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። ይምርሐነ ክርስቶስም ከዋሻው ጓዳ ብዙ አፅም አይቻለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን ማንም ዘመድህ ነው አላለኝም። አያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «እንዴት ሰነበታችሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የእኛዋ ልጅ ባል ነው፤ ከአዲስ አበባ» ብለው አስተዋወቁኝ።

ምን ይባላል? እኔም እጅ ነሣሁ።

«እንዴት ሳይፈርሱ ቆዩ?» አልኋቸው ስንወጣ።

«ዋግ እኮ ጾመኛ አገር ነው። ሰው በቁሙ ደርቆ ይጨርሳል፤ ሲሞት ብዙም አይቸገር።»

ቄሱ ጧፉንና ዕጣኑን ተቀብለው መረቁ። ቀጥለው እጄን አዩ። ብስኩቱን ሰጠሁ። አያ አንገታቸውን ደፉ፤ ኪሴን ስዳብስ ቀና አሉ።

ማታ ሰቆጣ ላይ ኔትወርክ ሲገኝ ባለቤቴ ደወለች። ስልኩን አያ ነጠቁኝ።

«ደርሰን መጣን ልጄ። ሁሉም ደህና ናቸው፤ እንደ ነበሩ ናቸው» አሏት። ትንሽ አዳመጡና አከሉ፦ «ባልሽንም አዩት። ምንም አላሉም።»